የአቶ ፈንታሁን ዳታቤዝ ልክ

አቶ ፈንታሁን ማረፋቸውን የሰማሁት በስልክ ነው። የደወለችልኝ ሙሉ ናት፤ ፍኖተ ሰላም አንድ ቢሮ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን የሠራን፣ እስከ ዛሬም ከዚያ ከተማ ያልወጣች ጓደኛዬ። ቡሬ ተቀበሩ አለችኝ። «ነፍስ ይማር» አልኩ። እሷም «ቀብራቸው ላይ ብዙ ሰው ነበር» ብላ ጨመረችልኝ።

ያኔ ሳቄ አመለጠኝ። ሙሉም በአንዴ ገባትና አብራኝ ሳቀች። ምክንያቱም አቶ ፈንታሁን ያችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ቢሰሙ ኖሮ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው «ብዙ ስትይ በምን ለክተሽ ነው? በመጣው ነው ወይስ ባለቀሰው?» ሳይሉ አያልፉም ነበር። ሙሉ ትናደድ ነበር። እኔ ደግሞ ከሙሉ ብሼ እናደድ ነበር።

እውነቱን ልናገርና፣ በዕድሜዬ እንደ እኒያ ሰውዬ ያናደደኝ ሰው የለም። ሰው ሲሞት ደግ ደጉን ማውራት ወግ ነው፤ እሞክራለሁ። ግን ደግነታቸውን ለማውራት የግድ በንዴቴ በኩል ማለፍ አለብኝ። ያ ሁሉ ንዴት ደግሞ መጨረሻው ያረፈው በአንዲት ሴት ማሳ ላይ ነውና እሷን ሳላነሳ ብተው የአቶ ፈንታሁን ነገር ግማሹ ይቀራል።

ዘመኑ ገበሬው የይዞታ ደብተር የሚታደልበት ነበር፤ ያ አረንጓዴው ደብተር። የቀበሌ ኮሚቴዎች ማሳ ለማሳ እየዞሩ በወረቀት የመዘገቡትን እኛ ቢሮ ተቀምጠን ኮምፒዩተር ውስጥ እናስገባለን። አቶ ፈንታሁን የዳታ ቡድኑ አስተባባሪ ነበሩ። ቡድን ሲባል ሁለት ኮምፒዩተር፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ጡት እንደተቀማ ሕፃን የሚጮህ አንድ ዩፒኤስ፣ እኔና ሙሉ ነን። ሰውየው ረጅም፣ ቀጭን፣ ክረምት ከበጋ አንድ ቡናማ ኮት የሚለብሱ ነበሩ። ቀድሞ የሒሳብ አስተማሪ ስለነበሩ ሲያስረዱ ጠመኔ የያዙ ይመስል ሁለት ጣታቸውን ገጥመው አየር ላይ ይጽፋሉ።

በየሳምንቱ ከዞን ይደወላል። ጥያቄው አንድ ነው፤ «ዳታቤዛችሁ ስንት ደረሰ?» ሌላው ወረዳ ሁሉ አንድ ቁጥር ጠርቶ ስልኩን ይዘጋል። የእኛ ሰውዬ ግን ስልኩን ከቀኝ ጆሯቸው ወደ ግራ ያዛውሩና «በምን ይለካ?» ይላሉ። እኔና ሙሉ በዚያች ቅጽበት ጭንቅላታችንን ጠረጴዛው ላይ እንጥላለን። ከዚያ በኋላ መስመሩ ካልተቋረጠ በቀር መዳኛ አልነበረም።

አንድ ቀን የቢሮው ኃላፊ አቶ ቢምረው የዞኑ ሰው ጮኾባቸው ኖሮ በሩን በርግደው ገቡ።

«አቶ ፈንታሁን፣ እባክዎ፣ የዚህን ዳታቤዝ መጠን ይንገሩኝና ልገላገል።»

«ደስ ይለኛል፤ ይቀመጡ» አሉ አቶ ፈንታሁን። መቀመጫ ማቅረባቸው ራሱ መጥፎ ምልክት ነበር። «ፋይሉ ዲስኩ ላይ የያዘው ቦታ አንድ ልክ ነው፤ ይህ በሜጋባይት ነው። ውስጡ ያለው ረድፍ ሌላ ልክ ነው። ረድፉስ የምን? የሰው ነው የማሳ? አምስት ቦታ የሚያርስ ገበሬ አንድ ሰው ነው፣ አምስት ማሳ ነው። ባልና ሚስት በጋራ ሲመዘገቡ ሁለት ሰው ናቸው፣ አንድ ደብተር ናቸው። ደግሞ በቀን ስንት ሰው ጠይቆት ይመልሳል የሚለው አለ። እሱም ልክ ነው።»

«አንድ ቁጥር ነው የጠየቅሁዎ!»

«የቱን?»

አቶ ቢምረው ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። አቶ ፈንታሁን ግን ያልገባቸው መስሏቸው ነገሩን ሊያቀሉላቸው ፈለጉ፤ ጎተራውን አመጡ። ጎተራው የማይቀር ነገር ነበር። «ጎተራህ ስንት ነው ቢሉህ ምን ትላለህ? የሚይዘውን ነው፣ አሁን ያለበትን ነው፣ ወይስ እስከ መስከረም የሚያበላህን?» ይሉ ነበር። ለዞን ሰው አውርተውታል፣ ለቢሮው ጥበቃ አውርተውታል፣ የሙሉ አጎት የሞቱ ጊዜ ልቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ሳይቀር አውርተውታል። እኔ እንኳ ከዚያ ወዲህ ጎተራ ባየሁ ቁጥር መንገድ እቀይራለሁ።

ከቢሮ ውጭም ያው ነበሩ። አንዴ ለሥራ ወደ ቡሬ ስንሄድ መነኻሪያው ውስጥ የሚኒባሱ ረዳት «የሞላ! አንድ ሰው የቀረው!» እያለ ይጮኻል። አቶ ፈንታሁን አንገታቸውን በመስኮት አወጡ።

«ወንድም ዓለም፣ ሞላ የምትለው በወንበር ነው በሰው?»

ረዳቱ አላመነታም። «ጋሼ፣ እኛ የምንለካው በትራፊክ ነው። ትራፊክ ከሌለ አይሞላም» አላቸው።

መኪናው በሳቅ ተናወጠ። እሳቸው አልሳቁም፤ ደብረ ማርቆስ ሄደው የሚፈልጉትን መጽሐፍ ያገኙ ያህል ፊታቸው በራ። እስከ ቡሬ ድረስ፣ ሦስት ሰው በሁለት ሰው ወንበር ተጣብቀን፣ የእኛም ፕሮግራም ከዚህ በላይ አልይዝም የሚልበት ጣሪያ እንዳለው፣ ያም ጣሪያ ራሱን የቻለ ልክ እንደሆነ አስረዱኝ። ጉልበቴ ደንዝዞ ነበር የወረድኩት።

ነገሩ የከረረው በውድድሩ ነው። ዞኑ ወረዳዎችን በዳታቤዝ መጠን አወዳደረ። አንድ ጎረቤታችን የሆነ ወረዳ አንደኛ ወጥቶ ፕሪንተር ተሸለመ፤ እኛ ደግሞ ማተሚያ አጥተን ወረቀት ይዘን ወደ ትምህርት ቤት የምንለማመጥ ሰዎች ነበርን። አቶ ቢምረው ከዞኑ ስብሰባ ሲመለሱ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር።

«እነሱ ጊጋባይት አላቸው! እኛ ያለን ሜጋባይት!»

«ፎቶ ነው ያወፈረው» አሉ አቶ ፈንታሁን በዝግታ። «የእያንዳንዱን ገበሬ ፎቶ ሳያሳንሱ አስገብተውታል። ረድፋቸው ከእኛ ያንሳል።»

«እኛም እናስገባና እንወፍር!»

«መወፈር ነው የምንፈልገው?»

እኔ እንኳ አዎ ልል ነበር። ፕሪንተሩ አምሮኝ ነበር።

ወይዘሮ የሺ የመጡት በዚያው ሰሞን ነው። ከጅጋ ወዲያ ካለ ቀበሌ በእግራቸው የገቡ፣ ጥቁር ሻሽ ያሰሩ፣ ጃንጥላቸውን እንደ ከዘራ የሚመረኮዙ ሴት ናቸው። ባላቸው ካረፉ ወዲህ የባላቸው ወንድም አዲሱ የሚባል ሰው መሬቱ የወንድሜ ነው፣ እሷ አልተመዘገበችም ብሎ ማሳቸውን አርሶባቸዋል። ከሰሱት። ደብተራቸው ገና ስላልተሰጣቸው ዳኛው ይዞታው በስማቸው መመዝገቡን ከእኛ ቢሮ አረጋግጠው እንዲመጡ አዘዙ።

«ዳኛው ኸናንተ ወረቀት አምጭ ብሎኛል፣ ጌታየ» አሉ ቆመው። «አዲሱ እንደሆን ጥማዱን አስገብቶ ገልብጦታል። ይች ማሳ ኸሄደች ኸነልጆቼ ወዴት ልወድቅ ነው?»

«የቀጠሮው ቀን መቼ ነው?» አሉ አቶ ፈንታሁን።

«ሰኞ። ዛሬን ሳይሆን የሚመጣውን ሰኞ።»

«እንግዲያውስ ቅዳሜ ለገበያ ሲመጡ ይጠብቅዎታል። አሁን ዳታውን እያጸዳሁ ነው፤ ባልጸዳ ዳታ ላይ ማኅተም አላስመታም።»

ሴትየዋ እጅ ነስተው ወጡ። እኔ ግን ደሜ ፈላ። «ጋሼ፣ ስማቸውን ፈልጎ ወረቀት ጽፎ መስጠት የደቂቃ ሥራ ነው! ይህን ሁሉ መንገድ ሁለቴ ይሂዱ?» አልኳቸው።

«ብርቱካን፣» አሉኝ፣ መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፋ አድርገው፣ «አንድ ሰው ሁለት ጊዜ የገባበት ዳታቤዝ ነው ያለን። በዚህ መሃል ለሰው ማስረጃ ብሰጥ ውሸት ሊሆን ይችላል። ትክክለኛ ልኩን ልወቀው፤ ከዚያ እሰጣለሁ።»

አስተማሪ ናቸውና ተማሪው ዝም ሲል የገባው ይመስላቸዋል። እኔ ዝም ያልኩት ግን መጮኽ ነውር ስለሆነብኝ ነው።

ጽዳቱ እንዲህ ነው። ወረቀቱ ከየቀበሌው ተደባልቆ ስለሚመጣ አንዳንዱ ገበሬ ሁለቴ ገብቷል። አቶ ፈንታሁን ስም ከነአባት ስም፣ ቀበሌ፣ የማሳ ስፋት እያመሳከሩ ድግግሞሹን አጠፉ። ሥራውን ለእኔም ለሙሉም አልሰጡም፤ በእጃቸው ሠሩት። ሲጨርሱ ፋይሉን አስጨመቁት። ይህ ፕሮግራም ረድፍ ሲጠፋበት ባዶውን ቦታ አይለቅም፤ ካልተጨመቀ በቀር ፋይሉ እንደወፈረ ይቀራል። እኛ ደግሞ ሥራ ከጀመርን ጨምቀነው አናውቅም። ሲጨመቅ ፋይሉ ከግማሽ በታች ወረደ። ቅጂ የምንይዝባት አንዲት ፍላሽ ነበረችንና የድሮውን አጥፍተን አዲሱን ገለበጥንባት።

አቶ ፈንታሁን ጠጅ ቤት ገብተው አንድ ብርሌ ጠጡ። ለእሳቸው ይህ ድግስ ነበር።

በማግስቱ የዞን ቡድን ለድጋፍና ክትትል ከተፍ አለ። የቡድን መሪው ኮምፒዩተሩ ላይ ፋይሉን ጠቆሙ፣ መጠኑን አዩ፣ ከቦርሳቸው ያለፈውን ወር ሪፖርት አወጡ፣ ሁለቱን አስተያዩ። ውስጡን አልከፈቱም። ከምሳ በኋላ የቢሮው ሠራተኛ በሙሉ ለግምገማ ተጠራ።

«በዚህ ቢሮ የአርሶ አደሩ ዳታ ከግማሽ በላይ ጠፍቷል» አሉ የቡድን መሪው። «ኃላፊነቱን የሚወስድ ይውሰድ።»

አቶ ፈንታሁን እጃቸውን አወጡ። «በምን ተለክቶ ነው ጠፋ የተባለው?»

ከጎናቸው ነበርኩና እግራቸውን በጫማዬ ነካሁት። እግራቸውን ሰበሰቡ፤ የጠበባቸው መስሏቸው ይሆናል።

«ቀንሷል ወይስ አልቀነሰም?»

«ፋይሉ ቀንሷል፤ ዳታው አልቀነሰም።»

«ይመዝገብ፤ ቀንሷል ብለዋል» አሉ የቡድን መሪው።

ያኔ ሁላችንም የምናውቀው መውጫ ነበር። ተነሥተህ ግለ ሂስ ታደርጋለህ፤ የክትትል ጉድለት ነበረብኝ፣ አስተካክላለሁ ትላለህ፤ ቤቱ ጥቂት ይቆጣሃል፣ ይመዘግብሃል፣ ሻይ ይመጣል። አቶ ቢምረው በዓይናቸው ለመኗቸው። ሙሉ ከኋላ ኮታቸውን ሳበች። አቶ ፈንታሁን ግን ተነሥተው አየር ላይ መጻፍ ጀመሩ። ከፋይሉ ተነሡ፣ ወደ ረድፉ ሄዱ፣ ከረድፉ ወደ ማሳው፣ ከማሳው ወደ ባልና ሚስቱ። ጎተራው ላይ ሲደርሱ የቡድን መሪው እስክሪብቷቸውን ጠረጴዛው ላይ ወረወሩት።

«ግለ ሂስ ያደርጋሉ ወይስ አያደርጉም?»

«ያልጠፋውን ጠፋ ብዬ? ነገ ገበሬው ቢሰማ ምን ይላል?»

ቡድኑ ውሳኔውን በደብዳቤ እናሳውቃለን ብሎ ተነሣ። ስንወጣ «ጋሼ፣ አንዲት ቃል ብቻ እኮ ነበረች!» አልኳቸው። «የትኛዋ ቃል?» አሉኝ። ከልባቸው ነው የጠየቁኝ። ጥያቸው ሄድኩ።

ገበሬው ግን ሰማ። እንዴት እንደሰማ እንጃ፤ ግምገማው ላይ ከነበረው አንዱ ለአንዱ ሹክ ሳይል አልቀረም። ወሬው ገበያ ሲደርስ «ዳታ ቀነሰ» መሆኑ ቀርቶ «መሬት ቀነሰ» ሆኗል። ቅዳሜ ጧት ቢሮ ስመጣ ግቢው በጋቢና በዱላ ተሞልቷል። በግ ሊሸጥ የመጣው በጉን ይዞ፣ ጤፍ ያስጫነው አህያውን እየነዳ ገብቷል። ጥበቃው በሩ ላይ ላብ አጥምቆታል።

«ምንድን ነው ነገሩ?» አልኩ።

«እናንተየ፣ መሬታችን ኸኮምፒተሩ ወጥቷል አሉን!» አሉኝ አንድ ሽማግሌ። «ለማን ልትሰጡት ነው? እኛ ኮ ሰንሰለት ሲጎተት ቁመን አስለክተናል!»

አቶ ቢምረው በኋላ በር ሊወጡ ሲሰናዱ አገኘኋቸው። አቶ ፈንታሁን ግን ኮምፒዩተሩን ከነጠረጴዛው ወደ በረንዳ እያወጡ ነበር። እኔና ሙሉ ገመድ ቀጠልንላቸው። ወንበራቸው ላይ ተቀመጡና ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ስምዎን ይንገሩኝ» አሉ የመጀመሪያውን ሰው።

ሰውየው ስማቸውን ተናገሩ። አቶ ፈንታሁን ጻፉ፣ ጠበቁ፣ አነበቡ። «የመጀመሪያው ማሳ፣ በምሥራቅ መንገድ፣ በምዕራብ የቄስ ሞገስ፣ በሰሜን የራስዎ አጎት፣ በደቡብ የወል ግጦሽ።»

«ኧረ በሥላሴ! ነው እንጅ!» አሉ ሰውየው። «ቄስ ሞገስንም ያውቃል!»

ግቢው ሆ አለ። ከዚያ በኋላ ሰልፍ ሆነ። እያንዳንዱ ይጠይቃል፣ እሳቸው አዋሳኙን አንድ በአንድ ያነቡለታል። ጎረቤታሞች ሲሆኑ ያንዱን ወሰን ሌላው ያረጋግጣል፤ ይሳሳቃሉ፤ የቆየ የድንበር ቂም ያላቸውም በዓይናቸው ይገላመጣሉ። አንድም ሰው አልታጣም። እኔ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ያረጀ ኮምፒዩተር አከበርኩት። ሰውየውንም ወደድኳቸው፤ ለምን እንደሆነ ላብራራው አልችልም፣ ወደድኳቸው። እሳቸው ደግሞ ወደ እኔ ዞር ብለው «አየሽ፣ ይህ ነው ልኩ፤ የጠየቀ ሁሉ ራሱን ሲያገኝ» አሉኝ። ያን ጊዜ እንኳ ማስተማር አልተውም።

አቶ ቢምረው ሁኔታውን ሲያዩ ከኋላ በር ተመልሰው ለዞን ደወሉ። ግቢው ውስጥ ያለውን ሰው ድምፅ በስልክ አሰሟቸው መሰለኝ። ሲመለሱ ፈገግ ብለው ነበር። «ይቅር ብለዋል። ነገሩ ተዘግቷል» አሉ፤ አቶ ፈንታሁንንም ትከሻቸውን መታ መታ አደረጉ።

ወይዘሮ የሺ የደረሱት ግቢው ጭር ካለ በኋላ ነው። ሰልፉን አይተው ጥላ ሥር ተቀምጠው ጠብቀው ኖሯል። አቶ ፈንታሁን በደስታ ተቀበሏቸው፤ ሙሉን እንኳ ማኅተሙን አዘጋጂ አሏት።

«የሺ አለነ» ብለው ጻፉ። «አገኘሁዎ። በምሥራቅ ወንዝ፣ በምዕራብ...»

«ኧረ የለም፣ ጌታየ» አሉ ሴትየዋ። «የኔ ማሳ ወንዝ አይነካውም። እሷ ያችኛዋ የሺ ናት፤ ኸማዶ ያለችው። ያባቷ ስም ኸባቴ ስም ይገጥማል፤ ባንድ ቀን ነው ያስመዘገብን።»

አቶ ፈንታሁን እንደገና ጻፉ። በቀበሌ ፈለጉ። በስፋት ፈለጉ። ሌላ የሺ አለነ አልነበረችም። እጃቸው ቁልፉ ላይ ቀረ። ስሙ አንድ፣ የአባት ስም አንድ፣ ቀበሌው አንድ፣ ስፋቱም የተቀራረበ። ሁለቱን ሴቶች አንድ ሴት አድርገዋቸዋል።

«አዋሳኙን አላየሁም» አሉ ለራሳቸው። «ስሙን ብቻ ነው ያየሁት።»

ሴትየዋ ፊታችንን አንድ በአንድ አዩን። «የለሁም?» አሉ።

አቶ ቢምረው ወሬውን ሲሰሙ ፈገግታቸው ከስሞ ወደ ክፍላቸው ጠሩን። እንደ ብልህ ሰው ነው የተናገሩት፤ ዛሬም አልፈርድባቸውም። የቀበሌው ወረቀት ተመልሶ እዚያው ቀበሌ አለ፤ ሴትየዋን መልሶ ማስገባት ይቻላል። ግን ክሱ ከተጀመረ በኋላ ቢገቡ አዲሱ «ትናንት ነው ያስገቧት» ብሎ ይከራከራል፤ ትክክልም ነው። ስለዚህ «አልተገኘችም» ብለን እንጻፍ፣ እሷ ቀስ ብላ በቀበሌ በኩል ትከራከር አሉ። ዞኑ ገና አሁን ይቅር ብሎናል፤ ጠፍቷል የሚል ቃል ከዚህ ቢሮ ከወጣ ማናችንም አንተርፍም።

«ቀስ ብላ ስትከራከር ክረምቱ ይገባል» አልኩ እኔ። «አዲሱ ዘርቶባት ያጭዳል።»

አቶ ፈንታሁን ምንም አላሉም። እኔ በዚያ ዝምታቸው ተስፋ ቆረጥኩ። ለፋይል መጠን ያን ያህል የተከራከሩ ሰው ለሴትየዋ አፍ አጡ ብዬ፣ ሁለት ቀን ሙሉ በውስጤ ረገምኳቸው።

ሰኞ ከወይዘሮ የሺ ጋር ፍርድ ቤት ሄድኩ፤ ብቻቸውን ሊቆሙ ነው ብዬ። ችሎት ስንገባ ቡናማው ኮት የፊተኛው አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። ማንም አልጠራቸውም፤ ራሳቸው ናቸው የመጡት።

አዲሱ ቀድሞ ተናገረ። ልብሱን ያሳመረ፣ አፉ የተባ ሰው ነው። «የመንግሥት ኮምፒተር እንኳ አያውቃትም፣ ጌታየ» አለ። «ቅዳሜ ያገር ሰው ሁሉ ሲገኝ እሷ አልተገኘችም።»

አቶ ፈንታሁን እጃቸውን አወጡ፤ ዳኛው ወደ እሳቸው ዞሩ። ማን እንደሆኑ ጠይቀው ቃለ መሐላ አስፈጸሟቸው።

«ግለሰቧ አሁን ዳታቤዛችሁ ውስጥ አለች?»

«የለችም።»

«ክሱ ሲቀርብ ነበረች?»

«ነበረች።»

«ታዲያ ማን አወጣት?»

«እኔ ነኝ።»

ዳኛው ብዕራቸውን አስቀመጡ። ከተማው ትንሽ ነው፤ የግምገማው ወሬ እሳቸውም ጋ ደርሷል። «እርስዎ ከዳታቤዙ ምንም አልጎደለም ብለው ከዞን ሰዎች ጋር ተከራክረዋል ይባላል። ጎድሏል ወይስ አልጎደለም?»

ዓይኔን ጨፈንኩ። አሁን በምን ይለካ ሊሉ ነው፤ አሁን ከፋይሉ ሊነሡ፣ ባልና ሚስቱ ጋ ሊደርሱ፣ እዚህ ችሎት መሃል ጎተራ ሊያቆሙ ነው። ሴትየዋን ሊያስበሏት ነው አልኩ።

«ጎድሏል» አሉ።

ዳኛው ሌላ ነገር የሚከተል መስሏቸው ጠበቁ። ምንም አልተከተለም።

«በስንት?»

«በአንድ ሰው። በእሳቸው።» በእጃቸው ወይዘሮ የሺን አመለከቱ። «ስም ተመሳስሎብኝ አጠፋኋቸው። ማሳቸውን የለኩት ኮሚቴዎች በሕይወት አሉ፤ ይጠሩ።»

ኮሚቴዎቹ ተጠሩ። ማሳው ላይ ቆመው ወሰኑን አሳዩ፤ አዲሱ ጥማዱን አወጣ፤ ወይዘሮ የሺ በዚያው ክረምት በቆሎ ዘሩበት። አቶ ፈንታሁንስ? የችሎቱ ቃል ዞን ለመድረስ ብዙ አልቆየም። ከአስተባባሪነት ተነሥተው፣ ደመወዛቸው ዝቅ ብሎ፣ ግሽ ዓባይ አጠገብ ወዳለ ቢሮ ተዛወሩ። በመሄጃቸው ሰሞን ግን የጠፉትን ድግግሞሾች በሙሉ ከየቀበሌው ወረቀት ላይ እያወጡ፣ ሰዎቹን አንድ በአንድ እያስጠሩ፣ አንድ ናችሁ ሁለት ይሏቸው ነበር። እኔና ሙሉ ምሳ ሰዓት ሳይኖረን አገዝናቸው፤ እያማረርን።

የዝውውሩን ደብዳቤ ያነበብኩት ጠረጴዛቸው ላይ ነው። «የአርሶ አደሩን ዳታ በማጥፋት» ይላል። ሌላ ምንም ማብራሪያ የለውም፤ የሰማ ሁሉ ያን ግማሽ ዳታቤዝ ያጠፉ እሳቸው ናቸው እንዲል ተደርጎ የተጻፈ ነው። እሳቸው እስክሪብቶና መነጽር ቤታቸውን ወደ ቦርሳ ይከታሉ። ተናደድኩ፤ ከዚያ በፊት ከተናደድኩት ሁሉ በላይ ተናደድኩ።

«ጋሼ፣ ይህ እኮ ውሸት ነው! የጠፋችው አንዲት ሴት ናት። ይግባኝ ይበሉ። ስንት እንደጠፋ ያስረዷቸው! በሌላ ጊዜ ሰው ሳይጠይቅዎ ያስረዱ የለም?»

ቦርሳቸውን ዘጉና ቀና ብለው አዩኝ።

«ምን ብዬ ነው ይግባኝ የምል፣ ብርቱካን?» አሉኝ። «አጥፍቻለሁ እኮ።»